የማይዘጋ መስመርን በበረዶ መዝጋት

የውሃ መስመሩ መዝጊያ፣ ጌት ቫልቩ፣ ይዞራል፤ ውሃው ግን አይቆምም። ከቦሌ አራብሳ እስከ ጀሞ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ቧንቧ የሚጠግን ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ቫልቩ ሕንፃው ሲሠራ ተገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ከዓመታት በኋላ ችግር መጥቶ እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለው መዝጊያ ከዘንጉ ተለያይቷል፤ ወይም ዝገትና ደለል ተጋግሮበት እስከ ታች አይወርድም። ከታች የአንድ ሰው ግድግዳ እየረጠበ ነው። ከላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ሮቶዎቹ በፈረቃ የመጣ ውሃ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ የሚቀጥለው ተራ መቼ እንደሚደርስ ደግሞ ፈጣሪ ይወቀው።

የተለመደው መፍትሔ ሮቶውን ማፍሰስ ነው። 10,000 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 500 ጊዜ መሙላት ነው። ለአንዲት ቫልቭ ብሎ 500 ጀሪካን ውሃ ወደ ቦይ የሚለቅ ባለሙያ፣ ሥራው ምንም ቢያምር ከነዋሪው ምርቃት አይጠብቅ።

ሌላ መንገድ አለ። ከሚጠገነው ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ቧንቧውን ከውጭ አጥብቆ ማቀዝቀዝና ውስጡ ያለውን ውሃ በረዶ ማድረግ። በረዶው ቧንቧውን ይወትፈዋል። ከውታፉ በላይ ያለው ውሃ ባለበት ይቆያል፤ ከውታፉ በታች ያለው ቧንቧ ይቆረጣል፣ ይቀየራል፣ ይገጠማል። ሥራው ሲያልቅ ማቀዝቀዣው ይነሳል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ መስመሩ እንደነበረ ይሆናል። በአውሮፓና በአሜሪካ የቧንቧና የማሞቂያ ሠራተኞች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። እኛ ጋ ግን ሲነገር ቀልድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲረጋ አይተን አናውቅማ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሱሉልታን ሜዳ ጠዋት ጠዋት ነጭ ቢያደርገውም፣ ሰው ቧንቧው ረግቶበት ሲቸገር አይሰማም።

ነገሩ የሚሠራው በምን ምክንያት እንደሆነ ካልገባ ግን መሣሪያውን መያዝ ብቻውን ሰው ያሳስታል። ስለዚህ ከውሃው እንጀምር።

አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4.2 ጁል ያህል ሙቀት ማውጣት ይበቃል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ዜሮ እስኪደርስ 84 ጁል መሆኑ ነው። ዜሮ ላይ የደረሰውን ውሃ ወደ በረዶ ለመለወጥ ግን ሌላ 334 ጁል መውጣት አለበት፤ ያውም ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ንቅንቅ ሳይል። ከጠቅላላው ሥራ አምስት እጅ አራቱ የሚቀረው ውሃው ዜሮ ከደረሰ በኋላ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው በተገጠመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቧንቧው ነጭ አመዳይ ይለብሳል፤ እጅ አያስነካም። አይቶ የማያውቅ ሰው «ረጋ!» ብሎ መጋዙን ያነሳል። አልረጋም። የቀዘቀዘው ብረቱ ነው። በረዶው ከቧንቧው ግድግዳ ተነስቶ ወደ መሐል እየወፈረ ነው የሚሄደው፤ መሐሉ እስኪገጥም ድረስ ቀጭን መተላለፊያ ክፍት ነው። በዚያ ላይ በረዶ ራሱ ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ ስለሆነ፣ በወፈረ ቁጥር የቀረው ውሃ ከቅዝቃዜው እየራቀ ይሄዳል። መጨረሻው ከመጀመሪያው ይዘገያል።

የቧንቧው ስፋትም ነገሩን ከሚጠበቀው በላይ ይለውጠዋል። 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የግማሽ ኢንች ቧንቧ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። በዚያው ርዝመት ሁለት ኢንች ደግሞ 220 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሥራው አሥር እጥፍ አለፈ። ግማሽ ኢንች በጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ሁለት ኢንች አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የሰዓቱን ልክ የሚነግረው ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ የሰፈረው ጊዜ ደግሞ ውሃው በተባለው ሙቀት ላይ ካለና ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ የሚሠራ ነው።

አሁን ደግሞ ውታፉ ምን እንደሚሸከም እንይ። ሮቶው ከሚጠገነው ቦታ 15 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ እንደ ጂ+4 ሕንፃ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ግፊቱ 1.5 ባር አካባቢ ነው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ ያለውን ውታፍ ይህ ግፊት 3 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ይገፋዋል። ሁለት ኢንች ላይ ግን 33 ኪሎ ይደርሳል። ከጂ+7 በላይ ባሉት ሕንፃዎች ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በረዶው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር መጣበቁ ነው። በደንብ የረጋ ውታፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ግፊት ይችላል፤ በዚያ በኩል ስጋት የለም። ስጋቱ ግድግዳውን ታክካ ባለችው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ማቀዝቀዝ ከተቋረጠ መጀመሪያ የምትቀልጠው እሷ ናት። መሐሉ ገና ድንጋይ የመሰለ በረዶ ሆኖ ሳለ ዳሩ ይላቀቅና ውታፉ እንዳለ ተንሸራቶ ይወጣል። «ገና አልቀለጠም፣ ጊዜ አለን» የሚባል ነገር የለም።

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል። ወደዚያ እንመለስበታለን።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ውሃው መቆም አለበት። መቀነስ አይበቃም። በቧንቧው ውስጥ በትንሹም ቢሆን ውሃ ካለፈ፣ የሚመጣው አዲስ ውሃ ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ ማቀዝቀዣው ያወጣውን ያህል ይመልስለታል። በረዶው ግድግዳው ላይ ትንሽ ይወፍርና ይቆማል፤ መሐሉ አይገጥምም።

ቦሌ አራብሳ አንድ ብሎክ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው መስመር ባለ አንድ ኢንች ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ነበር፤ በደረጃው ጎን ባለው ጠባብ የቧንቧ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። ሠራተኛው የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣውን ሁለት መቆንጠጫዎች ቧንቧው ላይ አስሮ ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ጠበቀ። አመዳዩ ከመቆንጠጫው ጣት የማይሞላ ወጥቶ እዚያው ቀረ። በደንብ ሲረጋ ግን በሁለቱም በኩል እየሰፋ ይሄድ ነበር። ሠራተኛው ልጅ ምንም አላለም። ረጅም ጠፍጣፋ መፍቻ አወጣና ጫፉን ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ የሽንት ቤትዎ ታንከር ይፈሳል እንዴ?»

«እሱማ ሲንሿሿ ነው የሚያድረው፣ ልጄ። ለምጄዋለሁ፤ ዝም ሲል ነው የምነቃው።»

ከታንከሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ዘጋ። ወርዶ ሲያይ አመዳዩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ብዙም ሳይቆይ ከመቆንጠጫው በላይና በታች በእኩል ልክ ተዘርግቶ ነበር።

በጋራ ሕንፃ ላይ ይህ ሥራ ግማሹ የበር ማንኳኳት ነው። ከታች እስከ ላይ ያለ ቤት ሁሉ ቧንቧ ዘግቶ መቆየት አለበት። ኮሚቴው ከአንድ ቀን በፊት ካላስነገረ አንድ ሰው እቃ ሊያጥብ ይከፍታል፣ ያልቃል። ፓምፕ ካለም ይጠፋል፤ ማጥፊያው ላይ ደግሞ ሰው ይቆማል፤ ውሃው ሲጎድል በፍሎት (በተንሳፋፊ ማብሪያ) የሚነሳ አውቶማቲክ ፓምፕ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳልና።

እዚህ ላይ አስቂኝ የሆነ ነገር አለ። ሊጠገን የተፈለገው ቧንቧ ቀዳዳ ከሆነ፣ ውሃው በዚያው ቀዳዳ እየወጣ ስለሆነ አልቆመም ማለት ነው። መጀመሪያ ቀዳዳውን ለጊዜው ማፈን ያስፈልጋል፤ የጎማ ቁራጭ አድርጎ በክላምፕ ማሰር። ፍሳሹ ሙሉ በሙሉ ካልቆመ ማቀዝቀዣውን መክፈት ከንቱ ድካም ነው። ቧንቧው ከተሰነጠቀና ውሃው እየዘለለ ከሆነማ የሮቶውን መውጫ ከመድፈን ሌላ አማራጭ የለም።

መሣሪያዎቹ በዋናነት አራት ዓይነት ናቸው። ትንሹ በጣሳ የሚመጣ ስፕሬይ ነው፤ ቧንቧው ላይ ጃኬት ይጠቀለልና ቀዝቃዛው ጋዝ በቀዳዳዋ ይነፋል። ለግማሽ ኢንች ያገለግላል፤ ጣሳው ሲያልቅ ጊዜውም አብሮ ያልቃል፤ ለመጀመሪያ ልምምድ የሚመች አይደለም። ሁለተኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ነው። ከሲሊንደሩ በፈሳሽነት የሚወጣው ጋዝ ጃኬቱ ውስጥ ሲደርስ ድንገት ይሰፋና ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሆነ ደረቅ በረዶ ይሆናል። ይህ ፈጣን ነው፤ መብራት አይፈልግም። ግን ሲሊንደሩ እስከ ታች የሚደርስ የውስጥ ቱቦ ያለው መሆን አለበት። ተራው ሲሊንደር ከላይ የሚሰጠው ጋዙን እንጂ ፈሳሹን ስላልሆነ በረዶ አይሠራም። ለስላሳና ቢራ ከሚሸጥበት ቤት ሲሊንደር ተውሶ የሚመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀኑን ያባክናል። እሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ አውርዶ መንፋት የሚያምረውም አይጠፋም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዓይነት ከሆነ በረዶውን ይሠራል፣ ሕንፃውን ግን ባዶ ያስቀረዋል። ይሄ አይደረግም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ነው፤ አሠራሩ እንደ ማንኛውም ፍሪጅ ኮምፕረሰር ሲሆን፣ ቅዝቃዜውን በሁለት ቱቦ አድርጎ ቧንቧው ላይ ወደሚታሰሩ መቆንጠጫዎች ይልካል። መቆንጠጫው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይዘገያል፤ ሆኖም ሙሉ ቀን ቢሠራ አያልቅም፣ ጋዝ ወደ ክፍሉ አይለቅም። ለእኔ ከተጠየቀ ለኮንዶሚኒየም ሥራ የሚመረጠው ይሄ ነው። መቆንጠጫውና ቧንቧው በሚነካኩበት ቦታ ቀለምና ዝገት ተፈቅፍቆ መጥራት አለበት፤ አየር ሙቀት ስለማያሳልፍም መሐላቸው ያለው ክፍተት በጄል ወይም ውሃ በመርጨት ይሞላል። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ደቂቃ ታተርፋለች።

አራተኛው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። እኛ አገር በደንብ የሚያውቁት የከብት አዳቃዮች ናቸው፤ ቃሊቲ ያለው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል አባለዘር የሚያቆየው በዚሁ ነው። በቧንቧ ሥራ ግን ለትልልቅ የፋብሪካና የከተማ መስመሮች የሚውል፣ የሠለጠነ ቡድን የሚይዘው ነገር ነው። በሰፈር ሥራ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ መብራቱ። የኤሌክትሪኩ ማሽን የሚወስደው ኃይል ግድግዳ ላይ ከምንሰቅለው ቦይለር ያነሰ ስለሆነ አነስተኛ ጄኔሬተር ይሸከመዋል። ጄኔሬተሩ ግን ተነስቶ ተፈትሾ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ «ከሄደ እናመጣለን» አይባልም። ኮምፕረሰር ሲቋረጥ ወዲያው መልሶ መነሳት ያስቸግረዋል፤ ግፊቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ቧንቧው ተቆርጦ አፉን ከፍቶ ባለበት ሰዓት ዓመት ናት። በሳምንት ሦስት ቀን መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሥራውን በጄኔሬተር ጀምሮ በጄኔሬተር መጨረስ ይሻላል።

የቧንቧው ዓይነት ሁሉንም ይለውጣል። መዳብ ከሁሉ ይመቻል፤ ሙቀት እንደሱ የሚያስተላልፍ የቧንቧ ብረት የለም። ጋልቫናይዝድም ጥሩ ነው፤ ይዘገያል እንጂ። ችግሩ ያለው አሁን በየቤቱ የምንገጥመው ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ሙቀት የሚያሳልፈው ከብረት ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ባነሰ ልክ ነው። ጊዜው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ይባስ ብሎ ፒፒአር ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ተሰባሪ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት መፍቻ ቢወድቅበት ወይም ቢታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። የመሣሪያው መመሪያ ለፕላስቲክ በግልጽ ካልፈቀደ አይሞከርም። ፒቪሲማ ከዚህ የከፋ ተሰባሪ ነው። ከቆጣሪ ወደ ግቢ የሚገባው ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ኤችዲፒኢ፣ ከሆነ ሌላ መላ አለው፤ ቧንቧውን ጨፍልቆ ውሃውን የሚያቆም መጭመቂያ። እሱ ለኤችዲፒኢ ብቻ ነው፤ ፒፒአር ላይ ቢደረግ ይሰነጥቀዋል።

በሌላ በኩል ፒፒአር የሚሠራ ሰው ከዚህ ቴክኒክ የሚያገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። የፒፒአር መበየጃ 260 ዲግሪ ሆኖ ነው የሚያያይዘው፤ ጫፉ ደረቅ ካልሆነ፣ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ካለ፣ ውሃው ተንኖ በፕላስቲኩ መሐል አረፋ ይሠራል። መጋጠሚያው ለዓይን ያምራል፤ ከወራት በኋላ ያነባል። ዳር ዳር የሚያለቅስ ቫልቭ ተዘግቶ እየተበየደ ነው ብዙ ቤት ውስጥ ፍሳሽ የሚደጋገመው። ከላይ ያለው ጋልቫናይዝድ ላይ በረዶ ተሠርቶ ከታች ያለው ፒፒአር በደረቁ ቢበየድ ይህ አይኖርም። ታዲያ እሳቱና በረዶው መራራቅ አለባቸው፤ መበየጃም ሆነ ችቦ ያለበት ሥራ ከውታፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ቢርቅ ይመረጣል፤ ብረት ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳልና።

ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል እንደሚጨምር መርሳት አይገባም። ውታፉ ሲሠራ ይህ ትርፍ ውሃውን በሁለቱም በኩል ይገፋዋል። ክፍት መስመር ላይ ችግር የለውም፤ ውሃው ወደ ሮቶው ይመለሳል። በአንድ በኩል የተዘጋ አጭር ቧንቧ ካለ ግን፣ ለምሳሌ ውታፉ ከተዘጋ ቫልቭ አጠገብ ቢሠራ፣ በመሐላቸው የታፈነው ውሃ መሄጃ ያጣና ግፊቱ ቧንቧውን ወይም ቫልቩን እስኪሰነጥቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከቫልቭ፣ ከክርን፣ ከቆጣሪ ራቅ ብሎ ቀጥ ያለ ቦታ ይመረጣል። ቆጣሪው ራሱና ከሱ ወዲያ ያለው መስመር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ እዚያ የሚደረግ ነገር የእነሱ ፈቃድና ሥራ ነው።

ስለ ማሞቂያ መስመር ጥቂት ልበል፤ መሣሪያው በብዛት የሚሠራበት እዚያ ስለሆነ። በቀዝቃዛ አገሮች ቤት የሚሞቀው በየክፍሉ ባሉ ራዲያተሮች ውስጥ በሚዞር ሙቅ ውሃ ነው። ያ ውሃ ዝገት መከላከያ ኬሚካል የገባበት ነው። አንድ ራዲያተር ለመቀየር ሁሉንም ማፍሰስ ኬሚካሉን መጣል፣ አየር ማስገባት፣ ከዚያም ከየራዲያተሩ አየሩን ማስተንፈስ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ውታፍ ይሠሩና መሐሉን ብቻ ያወጣሉ። ሁለት የሚሆነው ክብ መስመር ላይ ውሃው በሁለቱም በኩል ስለሚመጣ ነው፤ ከሮቶ ወርዶ በቧንቧ አፍ የሚያልቅ መስመር ላይ ግን አንዱ ይበቃል። ውሃው ውስጥ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ካለበት የሚረጋበት ዲግሪ ወደ ታች ይወርዳል፤ በብዛት ከተጨመረበት ጭራሽ ጠንካራ ውታፍ አይሠራም።

እኛ ጋ ራዲያተር ያለው ቤት ብርቅ ቢሆንም ሙቅ ውሃ የሚያዞሩ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች አሉ። እዚያም ሕጉ አንድ ነው፤ ቦይለሩ ይጠፋል፣ ማዞሪያ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪቀርብ ይጠበቃል። የእንፋሎት መስመር ከሆነ ነገሩ አይመለከተውም።

ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ ግን ልዩ ዓመል አለው። በለገጣፎና በአያት ቪላዎች ላይ የምናየው፣ ታንከሩ ከላይ ሆኖ መስታወቱ ከሥሩ የተጋደመው ዓይነት፣ ውሃው የሚዞረው ያለ ፓምፕ ነው። የሞቀው ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ፀሐይ እስካለች ማንም ሊያጠፋው አይችልም። በመስታወቱና በታንከሩ መሐል ባለው ቧንቧ ላይ በቀትር በረዶ ለመሥራት መሞከር ከፀሐይ ጋር መታገል ነው። ወይ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ይሠራል፣ ወይ መስታወቱ ከአመሻሽ ጀምሮ በወፍራም ሸራ ይሸፈናል።

ስለ አደጋው ደግሞ ሳይለሳለስ መነገር አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ፣ ምድር ቤት፣ የፓምፕ ክፍል ውስጥ ከታች ይጠራቀማል። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ያዞረዋል፣ ቀጥሎ ይወድቃል። ናይትሮጅን ደግሞ ሽታም ምልክትም የለውም። በሲሊንደር የሚሠራ ሰው አየር በሚገባበት ቦታ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ እያየው ነው የሚሠራው። በረዶው ቆዳ ላይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ እርጥብ ጓንት ማድረግ ጓንት ካለማድረግ ይብሳል። አንዳንድ ጥገና ሠራተኛ የፍሪጅ ጋዝ ነፍቶ ለማርጋት ይሞክራል። የአሁኖቹ ፍሪጆች ብዙዎቹ የያዙት ጋዝ ከምግብ ማብሰያው ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ፣ በብልጭታ የሚቀጣጠል ነው። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይህን ነፍቶ ከዚያ መበየጃ መለኮስ ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት አያሻም።

ታዲያ ይህ ሁሉ መሣሪያ ለማን ነው? በየሰፈሩ ለሚዞር ቧንቧ ሠራተኛ ገዝቶ የሚያዋጣው አይመስለኝም። አብዛኛው ሥራ ያለሱ ያልቃል። በፈረቃ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ሮቶው ወርዶ ባዶ የሚሆንበት ሌሊት ራሱ ይመጣል፤ ያን ቀን ጠብቆ ገብቶ መቀየር ማንም የሚያውቀው ዘዴ ነው። ሁለት ሮቶ ካለ የአንዱን ውሃ ወደ ሌላው በፓምፕ ማዛወር ይቻላል። ማቀዝቀዣው ዋጋ የሚኖረው ውሃው የማይፈስስበት ምክንያት ሲኖር ነው። በሽተኛ የተኛበት ሕንፃ፣ ሥራው የማይቆም ፋብሪካ፣ እንዲሁም ብዙ ብሎኮችን በአንድ መስመር የሚመግብ ትልቅ ማጠራቀሚያ እንዲህ ናቸው። ብዙ ሕንፃ የሚያስተዳድር ማኅበር ወይም ተቋራጭ ቢይዘው ያስኬደዋል።

አንዴ ከመጣ ደግሞ አንዲት ፍሳሽ ብቻ ደፍኖ መመለስ የዕድል ማባከን ነው። በዚያው ውታፍ ሥር የሞተው ጌት ቫልቭ ወጥቶ ጥሩ ቦል ቫልቭ፣ በሩብ ዙር የሚዘጋው ዓይነት፣ መግባት አለበት፤ ከሱ በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ። ቦል ቫልቭም ቢሆን በዓመት ሁለት ሦስቴ ተዘግቶ ካልተከፈተ ይያዛል፤ ኮሚቴው ይህን ከጥበቃው ሥራ ላይ ቢጨምረው ወጪ የለውም።

ሥራው የሚጀመረው በመቁረጥ አይደለም። በመጀመሪያ ከውታፉ በታች ያለ አንድ ቧንቧ ይከፈታል። በመስመሩ የቀረው ውሃ ይወርድና ይቀጥናል፤ ጨርሶ መቆም አለበት። ጠብታው ካልቆመ መጠበቅ ነው። ቀጥሎ ዩኒየን (ቧንቧው ሳይቆረጥ የሚፈታ ማያያዣ) ካለ ግማሽ ዙር ይፈታል፤ ውሃ ከመጣ በአንድ እጅ ተመልሶ ይጠብቃል፤ የተቆረጠ ቧንቧ ግን አይመለስም። ማሽኑ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ድረስ ይሠራል። ሲጠፋ በረዶው በራሱ ጊዜ ይቅለጥ፤ ችቦ አያስፈልገውም። ያኔ አንድ ቧንቧ ከላይ ከፈት ተደርጎ አየሩ ይወጣል፣ ቫልቩም ቀስ ተብሎ ይከፈታል። ሳይቀልጥ የቀረ የበረዶ ቁራጭ ተወርውሮ አዲሱን መጋጠሚያ ሊመታ ስለሚችል ነው ቀስ የሚባለው።

ባለሙያ የሚያመጣ ኮሚቴ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ውታፉ ድንገት ቢለቅስ?» ሥራውን የሚያውቅ ሰው መልሱን ከመሣሪያ ሳጥኑ ያወጣዋል። በቧንቧው ጥርስ ልክ የሆነ፣ ቴፍሎን የተጠቀለለበት፣ እጀታው ክፍት ላይ የተደረገ ቦል ቫልቭ ነው። ውሃው ቢመጣ በተዘጋ ቫልቭ ሊገጥም የሚሞክር ሰው ግፊቱ ይመልሰዋል። ክፍቱ ግን ውሃውን በመሐሉ እያሳለፈ ጥርሱ ላይ ይቀመጣል፣ ይዞራል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ እጀታው ሩብ ዙር ይዞራል። ሰውየው ይረጥባል፤ ሮቶው ግን አይፈስም።